የክላውድ ዳታ ማስተላለፊያ ክፍያ

የክላውድ ዳታ ማስተላለፊያ ክፍያ ማለት የክላውድ ኮምፒውቲንግ አቅራቢዎች ዳታ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲጓዝ በጊጋባይት እየቆጠሩ የሚያስከፍሉት ገንዘብ ነው። ሰርቨር ለመከራየትና ፋይል ለማስቀመጥ ከሚከፈለው የተለየ ነው፤ ብዙ ደንበኞች መኖሩን የሚያውቁትም የወሩ ሒሳብ ሲደርሳቸው ነው። ዋና ባሕርዩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከብድ መሆኑ ነው። በትላልቆቹ አቅራቢዎች ዘንድ ከኢንተርኔት ወደ ክላውድ የሚገባ ዳታ አይከፈልበትም፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ግን ይከፈልበታል። በዚህ ምክንያት ክፍያውን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዳታው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ማወቅ አለበት።

የአከፋፈል ሥርዓት

አሠራሩን ለመረዳት የአማዞን ክላውድ ጥሩ ምሳሌ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤስ3 የተባለውን የፋይል ማከማቻና ኢሲ2 የተባለውን የሰርቨር ኪራይ ጀመረ። የዳታ ማዕከሎቹ «ሪጅን» በሚባሉ አካባቢዎች የተከፋፈሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ሪጅን ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ተለያይተው የተሠሩ «ዞኖች» አሉ። የዳታ ማስተላለፊያ ክፍያ የሚወሰነው ዳታው ከእነዚህ ድንበሮች የትኛውን እንደተሻገረ ታይቶ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሪጅን የታወቀው መደበኛ ዋጋ የሚከተለው ነው፦

• ከኢንተርኔት ወደ ክላውድ የሚገባ፦ በነጻ።
• ከክላውድ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ፦ በየወሩ የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በነጻ፣ ከዚያ በኋላ ላለው 10 ቴራባይት በጊጋባይት 0.09 ዶላር።
• ከሪጅን ወደ ሪጅን፦ በአብዛኛው በጊጋባይት 0.02 ዶላር።
• በአንድ ሪጅን ውስጥ ከዞን ወደ ዞን፦ ላኪው 0.01፣ ተቀባዩ 0.01፣ በድምሩ በጊጋባይት 0.02 ዶላር።
• በአንድ ዞን ውስጥ በውስጥ አድራሻ፦ በነጻ።

ዋጋው እንደ አካባቢው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተከፈተው የኬፕታውን ሪጅን አንድ ጊጋባይት ወደ ኢንተርኔት ለማውጣት 0.154 ዶላር ይከፈላል፤ ይህም ከቨርጂኒያው በ70 ከመቶ ገደማ ይበልጣል።

የሒሳብ ምሳሌ

አንድ የትምህርት ድረ ገጽ 500 ሜጋባይት የሚመዝን የትምህርት ቪዲዮ በኤስ3 አስቀመጠ እንበል። በቨርጂኒያ ሪጅን የማከማቻው ዋጋ በጊጋባይት 0.023 ዶላር ስለሆነ፣ ቪዲዮውን ለአንድ ወር ማስቀመጥ የሚያስከፍለው 1 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ገደማ ነው። በዚያው ወር 4,000 ተማሪዎች ቢያወርዱት ግን 2,000 ጊጋባይት ይወጣል። ከዚህ ውስጥ 100 ጊጋባይት በነጻ ሲሆን፣ የቀረው 1,900 በ0.09 ሲባዛ 171 ዶላር ይሆናል። ፋይሉ በኬፕታውን ቢቀመጥ ኖሮ የማውጫው ክፍያ ወደ 293 ዶላር ይጠጋ ነበር።

ሒሳቡ የሚቀርበው በዶላር መሆኑ ለኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች ሌላ ጫና ነው። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከላይ የተጠቀሰው 171 ዶላር በመጀመሪያው ምንዛሬ 9,700 ብር ገደማ ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 17,100 ብር ሆነ። የተላለፈው ዳታ ግን በአንድ ባይት እንኳ አልጨመረም።

ሳይታዩ የሚያልፉ ክፍያዎች

አንዳንድ ክፍያዎች የሚመጡት ዳታው ከክላውዱ ሳይወጣ ነው። ለደኅንነት ሲባል ከኢንተርኔት የተደበቁ ሰርቨሮች ወደ ውጭ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ «ናት ጌትዌይ» በሚባል መተላለፊያ ነው። ይህ መተላለፊያ በቨርጂኒያ ከሰዓት ኪራዩ ሌላ፣ ለሚያልፍበት ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 0.045 ዶላር ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ሰርቨር እዚያው ሪጅን ካለው ኤስ3 ውስጥ 10,000 ጊጋባይት ቢያነብ፣ ዳታው ከሪጅኑ ሳይወጣ 450 ዶላር ይከፈላል። ለኤስ3 የተዘጋጀው «ጌትዌይ ኢንድፖይንት» የተባለው የውስጥ መንገድ ግን ነጻ ነው፤ እሱን ለመክፈት የሚያስፈልገውም ጥቂት የማስተካከያ መስመሮች ብቻ ናቸው።

ሌላው ሰርቨሮች እርስ በርስ በሚገናኙበት ጊዜ የሕዝብ አድራሻ መጠቀም ነው። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ዞን ውስጥ ቢሆኑም፣ በሕዝብ አድራሻ ከተላላኩ እንደ ዞን ተሻጋሪ ይከፈልባቸዋል።

የመቀነሻ ዘዴዎች

መለካት። ወጪው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚደረግ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ላይ ይውላል። የአማዞን «ኮስት ኤክስፕሎረር» ሒሳቡን በአጠቃቀም ዓይነት ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ወደ ኢንተርኔት የወጣውን፣ በዞኖች መካከል የተላለፈውንና በናት ጌትዌይ ያለፈውን ለየብቻ ማየት ይቻላል። የትኛው ሰርቨር ከየትኛው ጋር እንደተላላከ ለማወቅ ደግሞ የኔትወርክ መዝገቦች ይመረመራሉ።

አለመላክ። ከሁሉ ርካሹ ዳታ ያልተላከ ዳታ ነው። አንድ ጊዜ የመጣን ፋይል ለሚቀጥለው ጥያቄ አቅራቢያ ማቆየት ካሽ ማድረግ ይባላል። የድር ማሰሻ በእጁ ያለው ፋይል እንዳልተለወጠ ሲጠይቅ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና ከመላክ ይልቅ «304» የሚል አጭር መልስ ይሰጣል። ከዳታቤዝም ሁሉንም አምድ ከመጥራት ይልቅ የሚፈለገውን ብቻ መጠየቅ፣ ረጅም ዝርዝርንም በገጽ በገጽ ከፍሎ መላክ ተመሳሳይ ውጤት አለው።

አሳንሶ መላክ። እንደ ኤችቲኤምኤልና ጄሰን ያሉ ጽሑፋዊ ፋይሎች በጂዚፕ ወይም በብሮትሊ ሲታመቁ በጣም ይቀንሳሉ። ጄፔግ ምስሎችና ኤምፒ4 ቪዲዮዎች ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ በዚህ ዘዴ ብዙም አያንሱም፤ ለእነሱ የሚበጀው የምስሉን ስፋትና ጥራት ለስልክ እንደሚበቃ አድርጎ መቀነስ ነው።

በአቅራቢያ ማስቀመጥ። ሰርቨርና ዳታቤዝ በአንድ ሪጅን ውስጥ ቢሆኑ የሪጅን ተሻጋሪ ክፍያ አይኖርም። ሁሉንም በአንድ ዞን ማድረግም የዞኑን ክፍያ ያስቀራል፤ ነገር ግን ያ ዞን ሲበላሽ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ስለዚህ ይህ ለሙከራና ለማይቸኩል ሥራ እንጂ ለባንክ ወይም ለሆስፒታል ሥርዓት አይመከርም።

መንገድ መቀየር። የይዘት ማከፋፈያ ኔትወርክ የፋይል ቅጂዎችን በተለያዩ ከተሞች አስቀምጦ ለተጠቃሚው ከቅርቡ ያደርሳል። አማዞን ከኤስ3 ወደ ራሱ ማከፋፈያ ወደ ክላውድፍሮንት ለሚሄድ ዳታ አያስከፍልም፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮም ከክላውድፍሮንት የሚወጣው በየወሩ የመጀመሪያው 1 ቴራባይት ነጻ ነው። ከላይ ያለው ቪዲዮ ወደ 250 ሜጋባይት ቢታነስና በዚህ መንገድ ቢከፋፈል፣ 4,000ዎቹ ተማሪዎች የሚያወርዱት 1,000 ጊጋባይት በነጻው ውስጥ ያልቅ ነበር።

አቅራቢ መምረጥ። የክላውድፍሌር ማከማቻ አርቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሁሉም ሲከፈት የወጪ ዳታ ክፍያ የለውም። ኦራክል በየወሩ የመጀመሪያውን 10 ቴራባይት በነጻ ያስወጣል። ይሁን እንጂ የማከማቻውና የየጥያቄው ዋጋ አብሮ ካልተሰላ ንጽጽሩ አሳሳች ይሆናል።

የናሳ ዳታ

የክፍያው ጉዳይ ሳይንስንም ይነካል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሳተላይቶቹ ስለ ምድር የሚሰበስቡትን ዳታ ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል። ይህን ክምችት ወደ አማዞን ክላውድ ማዛወር ሲጀምር፣ ተመራማሪዎች ባወረዱ ቁጥር ከፋዩ ናሳ ራሱ እንዲሆን ሆነ። የድርጅቱ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ባወጣው ዘገባ፣ ክምችቱ በ2025 ወደ 247 ፔታባይት ያድጋል ተብሎ እንደሚጠበቅ ጠቅሶ፣ የማውጫው ክፍያ በዕቅዱ በበቂ ሁኔታ እንዳልታየ አስጠነቀቀ። ወጪን ለመቆጣጠር ሲባል በሚወርደው መጠን ላይ ገደብ ቢጣል፣ ዳታው ለተጠቃሚዎች እንደ ልብ ላይገኝ እንደሚችልም አመለከተ።

ናሳ ከሚጠቀምባቸው መፍትሔዎች አንዱ ስሌቱን ወደ ዳታው መውሰድ ነው። ክምችቱ የተቀመጠው በኦሪገን ሪጅን ስለሆነ፣ በዚያው ሪጅን ሰርቨር የተከራየ ተመራማሪ ዳታውን በቀጥታ ያነብባል። ወደ ውጭ የሚወጣውም የሥራው ውጤት ብቻ ይሆናል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ከምንጩ እጅግ ያነሰ ነው።

አቅራቢ መቀየርና ሕግ

የወጪ ዳታ ክፍያ ደንበኛን የማሰር ኃይልም አለው። ለዓመታት በነጻ የገባ ዳታ ወደ ሌላ አቅራቢ ሲዛወር በአንድ ጊዜ ስለሚከፈልበት፣ መልቀቅ ከመቆየት የከበደ ይሆናል። የብሪታንያው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የክላውድ ገበያው እንዲመረመር ሲመራ፣ ካነሣቸው ሥጋቶች አንዱ ይህ ክፍያ ነበር። ጉግል በጥር 2024፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ደግሞ በመጋቢት 2024 ክላውዳቸውን ለቀው ለሚሄዱ ደንበኞች የማውጫውን ክፍያ እንደሚያነሡ አስታወቁ። ከመስከረም 12 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ ደግሞ አቅራቢ ለመቀየር የሚጠየቅ ክፍያ ከጥር 12 ቀን 2027 ጀምሮ ጨርሶ እንዲቀር ያዝዛል። በዚህ ክፍል ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ለውጦች የሚመለከቱት በዋናነት አቅራቢ ለሚቀይር ደንበኛ ነው። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚወጣ ዳታ አሁንም በጊጋባይት ይከፈልበታል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ገና በወረቀት ላይ ሲነደፍ ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚጠቀምበትና በየትኛው መንገድ እንደሚደርሰው አብሮ መወሰን ይኖርበታል።