ከበሩ እስከ ጅረቱ 45 ዓመት

ሜሪላንድ፣ ከምንኖርበት ሰፈር ጀርባ አንዲት ጅረት አለች። የሰፈሩ ሰዎች ዳር ዳሯን የእግር መንገድ፣ ረግረጉ ላይ ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ መሄጃ እናሠራ ሲሉ፣ ንድፉን የመሳል ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ኮድ ስለምጽፍ ነው መሰለኝ። በዊልቸር ለምትሄደው አክስቴ አሳየኋት። አየችውና «ታዲያ እኔ የት ጋ ልቁም?» አለችኝ። ጣውላው የሚጀምረው በሁለት ደረጃ ነበር።

ያን ሌሊት ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ያረቀቀው ሂዩ ጋላገር የሚባል የሴኔት ሠራተኛ ነበር፤ ፖሊዮ ይዞት ራሱም በዊልቸር የሚሄድ። በመጋቢት 1990 ደግሞ 60 ያህል ሰዎች ዊልቸራቸውን ትተው የካፒቶልን ደረጃ እየተሳቡ ወጡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኤዲኤ የሚባለው ሕግ ተፈረመ። ለበሩም፣ ለሊፍቱም፣ ለመጸዳጃ ቤቱም ልክ ወጣለት። ለጫካ መንገድ ግን ልክ የወጣለት በ2013 ነው፤ ያውም ለፌዴራል መሬት ብቻ።

በር ሰው የሠራው ነገር ነው፤ ኮረብታን ግን በምን ልክ ትለካዋለህ? የደንቡ መልስ ደስ ይላል። ኮረብታውን ናዱት አይልም። ተዳፋቱ እስከ 5 በመቶ ከሆነ የፈለገውን ያህል ይርዘም፤ እስከ 8.33 በመቶ ከሆነ በየ61 ሜትሩ ማረፊያ ይኑረው፤ 12 በመቶ ከደረሰ ከ3 ሜትር አይለፍ። መሬቱ በፍጹም እምቢ ካለ፣ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ይለቃል። በጣውላዎቹ መሀል የሚኖረው ክፍተት ሳይቀር ተለክቷል፦ 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ያውም መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ናት፤ ስንጥቁ በመንገዱ ቁመት ከሄደ ትቀረቀራለች።

የእኛ ጅረት ያለችው ካውንቲው መሬት ላይ ስለሆነ ይህ ደንብ አያስገድደንም። ስብሰባ ላይ አንድ ሰውዬ ይህንኑ አንሥቶ «ወጪ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ሁለቱ ደረጃዎች ከፍታቸው 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ5 በመቶ ለመውጣት 6 ሜትር ከ80 ጣውላ ይፈልጋል። ብዙ ተከራክረን አለፈ።

አዲሱን ንድፍ ለአክስቴ ወሰድኩላት። ስፋቱን ጠየቀችኝ። 91 ሴንቲ፣ የደንቡ ዝቅተኛ ልክ፣ አልኳት።

«እና አንተ ከኋላዬ ልትሄድ ነው? እየዞርኩ ነው የማወራህ?»

አሁን 1 ሜትር ከ50 አድርጌ እየሳልኩት ነው።