ሁለቱ ሸንጎዎች፦ የኢጣሊያ የወንጀል ፊልምና የተመልካቹ ፍርድ

አንድ ፊልም ተሠርቶ ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ በሁለት ሸንጎ ይዳኛል። አንደኛው ሐያስያን በጋዜጣና በመጽሔት የሚያስችሉበት ሸንጎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተመልካቹ የመግቢያውን ከፍሎ፣ በጨለማው አዳራሽ ተቀምጦ፣ በጭብጨባው፣ በሣቁ ወይም በዝምታው የሚፈርድበት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ግን መብራቱ ሲበራ ከተመልካቹ ጋር ይበተናል። ከ1960ዎቹ መገባደጃ እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢጣሊያ ስለ ወንጀል ፊልሞች የተሰጠው ፍርድ የሁለቱ ሸንጎዎች ልዩነት ጎልቶ የታየበት ነው። ብዙዎቹ ሐያስያን «አድኃሪ» ብለው የጣሉትን ፊልም ሠፊው ሕዝብ ተሰልፎ ገባለት። ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ተሳሳተ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከአንድ ቀለም መነሣት ያስፈልጋል። በ1929 የሞንዳዶሪ ማተሚያ ድርጅት የእንግሊዝንና የአሜሪካን የወንጀል ልብ ወለዶች እያስተረጐመ፣ ቢጫ ሽፋን እያለበሰ በተከታታይ ማውጣት ጀመረ። ቢጫ በኢጣሊያንኛ «ጃሎ» ነውና ስሙ ከሽፋኑ ወደ ውስጡ ዘለቀ፤ የምርመራና የግድያ ታሪክ ሁሉ «ጃሎ» ተባለ። ወንጀል የነገሠበት ኅብረተሰብ በመጽሐፍ እንዲታይ ያልወደደው የፋሺስት መንግሥት ተጽዕኖውን ስላጠበቀ፣ ያ መንግሥት ከኢትዮጵያ በተባረረበት በ1941 የመጻሕፍቱ ኅትመት ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እንደገና ቀጠለ።

ጃሎን ከመጽሐፍ ወደ ፊልም በማሻገር ፈር ቀዳጁ ማሪዮ ባቫ ነው። በ1963 «ከመጠን በላይ ያወቀችው ልጃገረድ» የተሰኘውን፣ በ1964 ደግሞ «ስድስት ሴቶች ለነፍሰ ገዳዩ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። በሁለተኛው ፊልም ፊቱን የሸፈነና ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ገዳይ በአንድ የልብስ ፋሽን ቤት የሚሠሩትን ሴቶች አንድ በአንድ ይፈጃል፤ ጓንቱም የዘውጉ መለያ ሆኖ ቀረ። ዘውጉን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ያስወደደው ግን ዳሪዮ አርጄንቶ ነው። አርጄንቶ አስቀድሞ «ፓኤዘ ሴራ» በተባለው የሮም ጋዜጣ የፊልም ሂስ ይጽፍ ስለነበር ከመጀመሪያው ሸንጎ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው የተሻገረ ሰው ነው።

በ1970 ባወጣው «ባለ ክሪስታል ላባዋ ወፍ» በተሰኘው የመጀመሪያ ፊልሙ አንድ አሜሪካዊ ደራሲ በሮም ከተማ በምሽት ሲያልፍ መብራት በሞላበት የሥዕል አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት ከአንድ ጥቁር ከለበሰ ሰው ጋር ስትታገል ያያል። ሊረዳት ሲሮጥ በሁለት የመስተዋት በሮች መካከል ይዘጋበታል፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ማለፍ አይችልም። ያየውን ለፖሊስ ደጋግሞ ይናገራል፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልገጥም ይለዋል። በመጨረሻ እንደታወቀው ተጠቂ ያላት ሴት ራሷ ገዳይዋ ነበረች። በ1975 በወጣው «ጥልቅ ቀይ» ደግሞ አንድ የፒያኖ ተጫዋች የተገደለችውን ሴት ሊያድን በገባበት ቤት ያየው ሥዕል የጠፋ ይመስለዋል። ሥዕል መስሎ የታየው የገዳይዋ ፊት ያረፈበት መስተዋት ነበር። አርጄንቶ ይህን ፊት ከተመልካቹ አልደበቀም፤ ለቅጽበት በግልጽ አሳይቶታል። ተመልካቹ ዐይኑ እያየ አላየም።

ይህ የማየትና የመሳት ጉዳይ ከዘመኑ ጋር ተያይዞ ሲመረመር ተራ ጨዋታ አይደለም። ዲሴምበር 12 ቀን 1969 በሚላኖ፣ ፒያሳ ፎንታና በሚገኝ ባንክ ውስጥ የፈነዳ ቦምብ 17 ሰዎችን ገደለ። ፖሊስ ወዲያው አናርኪስቶችን ወነጀለ። ከተያዙት አንዱ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛው ጁዜፔ ፒኔሊ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ከፖሊስ መምሪያው መስኮት ወድቆ ሞተ። ሌላው፣ ፒየትሮ ቫልፕሬዳ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ከታሠረ በኋላ ተለቀቀ፤ ኋላም በነጻ ተሰናበተ። የመንግሥትን ቃል ማመን ያቃተው ዜጋ በሲኒማ ቤት ያገኘው ገጸ ባሕርይ ያየውን ማመን ያቃተው ምስክር ነበር። ሁለቱ ለመግባባት አልተቸገሩም።

በጃሎ ጐን ለጐን ሌላ ዘውግ ያድግ ነበር። በሴፕቴምበር 1967 የፒየትሮ ካቫሌሮ የዘራፊዎች ቡድን ከሚላኖ ባንክ ዘርፎ ሲያመልጥ በመንገደኞች ላይ ተኮሰ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1968፣ ካርሎ ሊዛኒ ድርጊቱን «ሽፍቶች በሚላኖ» በሚል ርእስ፣ የዜና ዘገባ በሚመስል አቀራረብ ፊልም አደረገው። ኤሊዮ ፔትሪ በ1970 ያወጣው «ከጥርጣሬ ሁሉ በላይ በሆነ ዜጋ ላይ የተደረገ ምርመራ» ደግሞ ወዳጁን ገድሎ ማስረጃውን ሆን ብሎ ትቶ የሚሄድ የፖሊስ ሹም ያሳያል፤ ሹሙ ሥልጣኑ ከሕግ በላይ አድርጎት እንደሆነ ሊፈትን ነው። ይህን ፊልም ሁለቱም ሸንጎዎች ተቀበሉት፤ በ1971ም የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ልዩነቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ስቴፋኖ ቫንዚና በ1972 ባወጣው «ፖሊስ ያመሰግናል» አንድ የፖሊስ አዛዥ ወንጀለኞችን በሥውር የሚረሽን ቡድን ይደርስበታል። የቡድኑ አባላት የቀድሞ ፖሊሶች፣ ዓላማቸውም የአምባገነን ሥርዓት መንገድ መጥረግ ነው፤ አዛዡ ይህን ሲያጋልጥ ይገደላል። እንግዲህ የዘውጉ መሠረት የተጣለው ከሕግ ውጭ የሚፈጸምን ቅጣት በማውገዝ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ በወጣው «ሮም የዓመፅ ከተማ» ግን ማውሪዚዮ ሜርሊ የተጫወተው የፖሊስ አዛዥ ከሥራው ሲወገድ ራሱ በሥውር ከሚቀጡ ዜጎች ጋር ይተባበራል። በ1972 ጠላት የነበረው በ1975 የጀግናው ማኅበር ሆነ።

ሐያስያኑ የተቆጡት በዚህ ነው። ዘውጉንም «ፖሊዚዮቴስኮ» ብለው ጠሩት። «ፖሊዚዮቶ» ፖሊስ ማለት ሲሆን የመጨረሻው ቅጥያ ንቀት ያዘለ «ፖሊስ ነክ» እንደማለት ያደርገዋል። ክሳቸው ግልጽ ነበር፦ እነዚህ ፊልሞች ወንጀልን ከድህነትና ከሥራ አጥነት ነጥለው ያቀርባሉ፤ ዳኛውን ደካማ፣ ሽጉጡን መድኃኒት አድርገው ያሳያሉ፤ ስለዚህ የፋሺስት መንፈስ አለባቸው የሚል ነው። ኡምቤርቶ ሌንዚ በ1974 ባወጣው «ሚላኖ ትጠላለች፤ ፖሊስ መተኮስ አይችልም» በተሰኘው ፊልም ሕግ የለቀቀውን አረመኔ የፖሊሱ ሹም በመጨረሻ ራሱ ተኩሶ ሲገድለው ክሱ ማስረጃ አላጣም።

ይሁን እንጂ ተመልካቹ የገባበት ሌላ በር አለ፤ እርሱም የፊልሞቹ ርእስ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ርእስ ብዙ ጊዜ ስም ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ እንዲያውም አቤቱታ ነው። ኤንዞ ካስቴላሪ በ1973 «ፖሊስ ይከሳል፤ ሕግ በነጻ ያሰናብታል» አለ። ሰርጆ ማርቲኖ በ1975 «ፖሊስ ይወነጅላል፤ የምሥጢር አገልግሎት ይገድላል» አለ። ፌርናንዶ ዲ ሌዮ ከጆርጆ ሼርባኔንኮ ልብ ወለዶች ተነሥቶ በ1972 በሠራው «ሚላኖ ካሊበር 9» ውስጥ ደግሞ አንድ ወግ አጥባቂና አንድ ተራማጅ የፖሊስ መኮንን ስለ ወንጀል ምንጭ ፊት ለፊት ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ከቦታው የሚነሣው ተራማጁ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ሲኒማ ቤት በርካሽ ትኬት የገባው ሰው የተመለከተው ተኩስ ብቻ አልነበረም። ባንክ የሚዘረፍበት፣ ሰው ለገንዘብ የሚታገትበት፣ ቦምብ የጣለው የማይታወቅበት ከተማ የራሱ ከተማ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ስሞታውን በርእስ ተጽፎ አገኘው።

የተመልካቹ ምርጫ አንድ ወጥ እንዳልነበረም ማስተዋል ይገባል። በ1974 አረመኔውን የተጫወተው ቶማስ ሚሊያን በ1976 በብሩኖ ኮርቡቺ ፊልም ኒኮ ጂራልዲ የተባለ ፖሊስ ሆኖ ቀረበ፦ የሱፍ ቆብ ያጠለቀ፣ ከመንደር ሌባ በአለባበስ የማይለይ፣ በፌሩቾ አሜንዶላ ድምፅ የሮምን ተራ ሕዝብ አነጋገር የሚናገር። ሕዝቡ ይህን ፖሊስ እጅግ ስለወደደው ገጸ ባሕርይው በተከታታይ ፊልሞች ዘልቋል። ተመልካቹ ሽጉጥ የሚመዝ ጌታ ብቻ ሳይሆን እርሱን የሚመስል፣ ችግሩንም የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር የተመልካቹ ፍርድ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። በጃሎ የሴት አካል ለቢላዋ ትርዒት ሆኖ ሲቀርብ አዳራሹ ትኬት መቁረጡን አላቋረጠም። የፖሊስ ፊልሞቹ ያነሡት ቁጣም በአዳራሹ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በሜይ 1975 የፖሊስን የጦር መሣሪያ አጠቃቀም ያሰፋው፣ «የሬያሌ ሕግ» በመባል የሚታወቀው አዋጅ ወጣ። የኮሙኒስት ፓርቲው በምክር ቤት ተቃወመው። በሜይ 1978 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮ በቀይ ብርጌዶች ተገደለ። በቀጣዩ ወር ሕጉ ይሻር ወይስ ይጽና ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ያው ፓርቲ እንዲጸና ቀሰቀሰ፤ ከመራጩም 76 ከመቶ በላይ የሚሆነው እንዲጸና ድምፅ ሰጠ። በአዳራሹ ጨለማ በጭብጨባ የተሰማው ፍርሃት በምርጫ ሣጥን ውስጥም ተገኘ። ፍርሃቱን ፊልሙ አልወለደውም፤ ነገር ግን ቀድሞ ሰምቶታል።

ዘውጎቹን ያዳከመው የሂስ ብዕር አይደለም። በ1976 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ለየአካባቢው የግል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በር ከፈተ፤ ፊልም ቤት ድረስ መጣ። በ1975 ከ500 ሚሊዮን በላይ የነበረው የሲኒማ ትኬት ሽያጭ በ1985 ወደ 120 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ርካሾቹ አዳራሾች ሲዘጉ ሁለተኛው ሸንጎ መሰብሰቢያ አጣ። በ2004 የቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል እነዚያን የተናቁ ፊልሞች በክብር አሳየ፤ አሜሪካዊው ኩዌንቲን ታራንቲኖም ዋነኛ አወዳሻቸው ሆነ። ይሁን እንጂ አዲሱ አድናቂ በአብዛኛው የወደደው ሙዚቃውን፣ የመኪናውን ሩጫና የቀለሙን ድምቀት ነው። የቀድሞው ተመልካች አቤቱታ በምስጋናው ውስጥ እምብዛም አልተሰማም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በ2005 የኢጣሊያ ሰበር ሰሚ ችሎት ለፒያሳ ፎንታናው ቦምብ ተጠያቂዎቹ ሁለት የኒዮ ፋሺስት ቡድን ሰዎች እንደነበሩ፣ ይሁንና ቀደም ሲል በነጻ ስለተሰናበቱ ዳግመኛ ሊከሰሱ እንደማይችሉ ገለጸ። ካስቴላሪ ከ32 ዓመት በፊት ለፊልሙ የሰጠው ርእስ የፍርድ ቤት ቃል ሆነ።

እንግዲህ ከሁለቱ ሸንጎዎች አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሕመሙን የለየው ተመልካቹ ነው፤ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለውን መርዝ የለየው ሐያሲው ነው። ጉዳቱ የደረሰው ሁለቱ ባለመገናኘታቸው ነው። ሐያሲው አዳራሹን ከማውገዙ በፊት ሕዝቡ ለምን እንደሚያጨበጭብ ቢጠይቅ ኖሮ፣ የመርዙን ነገር የሚነግረው ሰው ባላጣ ነበር። የሕዝብን ጣዕም ለማረም የሚነሣ መምህርም ሆነ አርቲስት አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር በጨለማው አዳራሽ ተቀምጦ ማየት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ እንደ አርጄንቶ ፒያኖ ተጫዋች መስተዋቱን ሥዕል ነው ብሎ ያልፋል።