የደንን እስትንፋስ የመለካት ሙያ አመጣጥ

ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ወስደው ምግባቸውን እንደሚያዘጋጁ፣ በሚተነፍሱበትም ጊዜ እነርሱና በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕያዋን ይህንኑ ጋዝ ለአየር እንደሚመልሱ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ይሁን እንጂ የዚህን ልውውጥ መጠን በትክክል መለካት የዕድሜ ልክ ሙያ ሊሆን የቻለው ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ነው። ከሙያው መነሻዎች አንዱም አንድ ወጣት ኬሚስት ለያዘው ጥናት እምብዛም የማያስፈልገውን የሌሊት አየር በጠርሙስ መሰብሰቡ ነበር።

ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ተወለደ። በኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ ወደ ካሊፎርንያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዶ በወንዝና በከርሠ ምድር ውሃ፣ በኖራ ድንጋይና በአየር መካከል ያለውን የካርቦን ሚዛን ማጥናት ጀመረ። ለዚህም በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በትክክል መታወቅ ነበረበት። በዚያን ጊዜ የነበሩት አኃዞች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር፤ በስካንዲኔቪያ ከተቋቋሙት ጣቢያዎች የሚመጣው ውጤትም ከቦታ ቦታና ከቀን ቀን ይለያይ ስለነበር፣ ጋዙ በተፈጥሮው እንዲህ የሚዋዥቅ ነው እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ኪሊንግ የጋዝ ግፊት የሚለካ መሣሪያ ራሱ ሠርቶ፣ በ1955 የብርጭቆ ጠርሙሶቹን ይዞ በካሊፎርንያ ጠረፍ ወደሚገኘው የቢግ ሰር ደን ወረደ። በዚያም ቀንና ሌሊት በየጥቂት ሰዓቱ አየር ቀዳ።

ውጤቱ ያልታሰበ ነበር። ሌሊት የጋዙ መጠን ከፍ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ወርዶ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ወደ 310 ገደማ ይሆናል። ኪሊንግ ልኬቱን በሌሎች ደኖችና ተራሮች ቢደግመውም የከሰዓት በኋላው ቁጥር ያው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን የገለጠለት የሜትሮሎጂ መጽሐፍ ነው፦ ቀን መሬት ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ እየተነሣ ከሰፊው ከባቢ አየር ጋር ይቀላቀላል፤ ሌሊት ግን ቀዝቃዛው አየር በመሬት ላይ ረግቶ ከዕፀዋትና ከአፈር የሚወጣውን ጋዝ ያጠራቅማል። የካርቦኑ አይሶቶፖች ምጥጥንም የሌሊቱ ጭማሪ ከዕፀዋትና ከአፈር የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ በአንድ ጠርሙስ ሁለት ነገር ተለካ፤ የደኑ እስትንፋስና የመላው ዓለም አየር።

ይህ ሥራ በአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የነበረውን የሃሪ ዌክስለርንና የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ኃላፊ የነበረውን የሮጀር ሬቬልን ትኩረት ሳበ። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ገንዘብ ተገኝቶ፣ በመጋቢት 1958 በሐዋይ፣ ዕፅዋት በሌለበት በማውና ሎአ ተራራ፣ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አዲስ መተንተኛ መሣሪያ ተተከለ። የመጀመሪያው ንባብ 313 ነበር። በዚያ ዓመት ኤሌክትሪክ እየተቋረጠ መዝገቡን ቢበጣጥሰውም፣ በተከታዩ ዓመት የመጠኑ ሥርዐት ጎልቶ ታየ፦ በግንቦት ከፍ ይላል፣ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት በበጋቸው ሲያድጉ ዝቅ ይላል፣ ከመከር በኋላ እንደገና ይወጣል። በቢግ ሰር በአንድ ሌሊት የታየው አሁን በዓመት ዙር የግማሽ ዓለም እስትንፋስ ሆኖ ተነበበ። ከዙሩ በታችም መጠኑ ከዓመት ወደ ዓመት መጨመሩ መታየት ጀመረ።

የሙያው ችግር የተገለጠውም ከዚህ በኋላ ነው። በ1964 የበጀት ቅነሳ ደርሶ የማውና ሎአ ልኬት ለጥቂት ወራት ቆመ፤ ክፍተቱ ዛሬም በመዝገቡ ላይ ይታያል። ቆየት ብሎም ገንዘብ ሰጪዎቹ ሥራው የተለመደ ቁጥጥር እንጂ መሠረታዊ ምርምር አይደለም፣ ስለዚህ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይተላለፍ አሉ። ኪሊንግ ግን የመለኪያው ትክክለኛነት በየጊዜው ካልተመረመረ ትንሽ ስሕተት እውነተኛ ጭማሪ ሊመስል እንደሚችል በመግለጽ ተከራከረ። በጀት መዳቢዎቹን ፈጽሞ መውቀስ አይቻልም፤ በጀታቸው የአንድ ዓመት ነው፣ የዚህ ሥራ ፍሬ ግን ዐሥር ዓመት ያስጠብቃል። ሆኖም ያመለጠን የአንድ ወቅት አየር በኋላ በሚመደብ ገንዘብ መልሶ መለካት አይቻልም። በመጨረሻም ከ1974 ጀምሮ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት በዚያው ተራራ የራሱን ልኬት ሲያካሂድ፣ የኪሊንግም ሳይቋረጥ ጎን ለጎን ቀጠለ።

የየአንዳንዱን ደን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ዘዴ ጠየቀ። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ስዊንባንክ በ1951 እንዳቀረበው፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን የነፋስ ሽክርክሪትና የተሸከመውን ነገር በአንድነት መለካት ይቻላል። ፈጣን መሣሪያዎች ሲገኙ ከዛፎች ጫፍ በላይ ማማ ተሠራ፤ በድምፅ የሚሠራው የነፋስ መለኪያና የጋዙ መተንተኛ በየሰከንዱ ዐሥር ጊዜ ያህል ይመዘግባሉ። በዚህ ዘዴ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሃርቫርድ ደን ሲካሄድ የቆየው ልኬት ከረዥሞቹ አንዱ ነው፤ በ1997 ደግሞ ልዩ ልዩ ማማዎችን የሚያገናኘው ፍላክስኔት ተመሠረተ። በእንዲህ ያለ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ፊዚክስንና የዕፅዋትን ጠባይ፣ ስታቲስቲክስን፣ ከዚያም አልፎ መብረቅ የመታውን ሽቦ መጠገንን ማወቅ አለበት፤ የትኛውም የትምህርት ክፍል ብቻውን አያሠለጥነውም።

ኪሊንግ በ2005 ሲሞት ሥራውን በአየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በመለካት የታወቀው ልጁ ራልፍ ተረከበ። በኅዳር 2022 ማውና ሎአ ፈንድቶ የቀለጠው አለት መንገዱንና የኤሌክትሪክ መሥመሩን ሲቆርጥ፣ ልኬቱ በአጠገቡ ወዳለው ወደ ማውና ኬያ ተራራ ተሻገረ። የተነበበው ቁጥር በዚያን ጊዜ 420 አካባቢ ደርሶ ነበር።