ፊደሉ የሁላችን፣ ቁልፉ የማን?

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚዘልቅ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ራስ ዳሽን ላይ ነው፤ 4,550 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአገራችን ጣሪያ። ይህ ስም ግን ባሕር ተሻግሮ ሌላ ታሪክ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አቶ ፍስሓ አጥላው የተባሉ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ በአሜሪካ የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለማስጻፍ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ፤ ስሙም «ዳሽን ኢንጂነሪንግ» ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች ከተጠቃሚዎቻቸው ጋር ስለነበራቸው ጉዳይ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ሆሄያት በ7 ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር ከቦታው ይተርፋል። ስለዚህ አንዱ ድርጅት ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው፣ ሌላው ቅርጹን ቆራርጦ ገጣጠመው። አዲስ አበባ ላይ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እየተባሉ የወጡት ሶፍትዌሮች የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው።

ሰዎቹ ደንበኛቸውን አልናቁም። የጽሕፈት መኪና ጣቱን ላስለመደው ጸሐፊም፣ በእንግሊዝኛው ድምፅ መጻፍ ለሚቀለውም የፊደል አቀማመጥ አበጅተዋል። የጎደለው ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ደንበኛ ሲሰማ፣ ደንበኞች እርስ በርስ የሚላላኩትን ግን የሰማ አልነበረም።

እስኪ አስቡት። አንድ ገበሬ ደባርቅ ላይ በኮምፒውተር ያስጻፈውን ማመልከቻ በፍሎፒ ይዞ ዳባት ይወርዳል። እዚያ ያለው ጸሐፊ የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ተጠቃሚ ነው። ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ! ሁለቱ ከተሞች በአንድ የጎንደር መንገድ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ግን አይግባቡም። ገበሬው እንደገና ከፍሎ እንደገና ያስጽፋል።

በድርጅቶቹ ላይ ብቻ ግን አንፍረድ። ሶፍትዌር በየሱቁ በነጻ በሚገለበጥበት አገር ትንሽ ድርጅት ምን አጥር ነበረው? የኮምፒውተር ፕሮግራምን በስም ጠርቶ የጠበቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው የራስን ኮድ መያዝ እንጀራን መጠበቅም ነበር። ዋጋውን የከፈለው ግን ተጠቃሚው ነው።

መፍትሔው ከገበያው ሳይሆን ከጋራ ስምምነት መጣ። አቶ ፍስሓ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብ፣ ይትና ፍርድይወቅና ሌሎችም የደከሙበት ሥራ ፍሬ አፍርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ «ሀ» በደባርቅም፣ በዳባትም፣ በዋሽንግተንም ያው «ሀ» ሆነ። ይህንን ጽሑፍ በየስልካችሁ ያለ ችግር የምታነቡት በዚያ ድካም ነው። በአሮጌዎቹ ኮዶች የተጻፈው ግን እስካሁን አስታራቂ የሚሻ ብዙ ነው፤ የስንቱ መሥሪያ ቤት መዝገብ፣ የስንቱ ደራሲ ረቂቅ በዚያ ተቆልፎ ይሆን?

ይህን የማነሣው ለትዝታ አይደለም። ዛሬ ወጣቶቻችን ለዕቁቡ፣ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለገበሬ ማኅበሩ መተግበሪያ እየሠሩ ነው። ደስ ይላል! በቴሌግራም ቅሬታ ይቀበላሉ፣ ስልክ ያነሣሉ፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን የደንበኛ አክባሪነት መለኪያው ፈጣን መልስ ብቻ አይደለም። ደንበኛው «ልሂድ» ያለ ቀን መዝገቡን ሌላ ሰው በሚያነበው መልክ ይዞ መውጣት ይችላል ወይ? ፈተናው እዚህ ላይ ነው።

እናንተም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ቤቱ ሲያምር መግቢያውን ሁሉም ያሳያል፤ መውጫውን የሚያሳየውን ምረጡ።

ቸር ያሰንብተን።