ከአንድሮሜዳ እስከ አቦል፦ የሰማይ አካላት ስያሜ እንደ ታሪክ ምስክር



ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ «አንድሮሜዳ የእኛ ልዕልት አይደለችም ወይ?» ሲል በኩራት ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት አጭር መልስ እርሱንም እኔንም አላረካም። የዛሬው ንግግሬ ያን መልስ ለማሟላት የቀረበ ነው።

በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌውስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። በእናቷ ትምክህት ምክንያት ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ከዐለት ጋር ታስራ ሳለ ፐርሲየስ አዳናት። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ቶለሚ በመዘገባቸው 48 ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የአራቱም ስም ይገኛል። ይሁን እንጂ የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ በተለይም ኩሽን፣ የሚያመለክት ስም ነበር፤ ወሰኑም ቁርጥ ያለ አልነበረም። እንዲያውም አንዳንድ ጸሐፊዎች ታሪኩን በሜዲትራኒያን ዳርቻ በምትገኘው በኢዮጴ እንደተፈጸመ ይተርካሉ። ስለዚህ ይህ ስም የሚመሰክረው ሌሎች ስለ ሩቅ ሀገር ያሰቡትን ነው፤ የሀገሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተናገሩትን አይደለም።

በዚሁ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ በዓይን ብቻ የማይታይ ኮከብ አለ። ከ1918 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. በታተመው የሄንሪ ድሬፐር መዝገብ «ኤችዲ 16175» የሚል ቁጥር ተሰጠው። በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ኮከብ የምትዞር ፕላኔት መገኘቷ ተገለጸ። ክብደቷ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ ይበልጣል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 990 ቀናት ያህል ይፈጅባታል። የጁፒተር ምሕዋር ለክብ የቀረበ ሲሆን የእርሷ ግን እጅግ የተለጠጠ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮች አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ይኸው ኮከብ ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቷም «አቦል» ተባሉ።

እንግዲህ ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አንድሮሜዳን የራሳችን ታሪክ ማስረጃ አድርገን አንጥቀሳት። «አቦል» ግን እኛው ያወጣነው ስም ነው፤ በ2019 ራሳችንን ለዓለም በምን ማስተዋወቅ እንደመረጥን የሚናገር ሰነድ ስለሆነ እርሱም እንደ ማንኛውም ሰነድ ሊመረመር ይገባዋል። በዚያ ኮከብ ዙሪያ ሌላ ፕላኔት ቢገኝ «ቶና» እንደምንለው ግን አልጠራጠርም።