አያምኑኝም ብሎ የፈራው ቄስ

እ.ኤ.አ. በ1520 ሚያዝያ ላይ ምጽዋ ከመርከብ የወረዱት የፖርቱጋል መልእክተኞች የሚፈልጉትን በደንብ የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። የሚፈልጉት «ፕሬስተር ጆን» የሚሉትን፣ ቄስም ንጉሥም ነው የተባለውን ክርስቲያን ገዥ ነበር።

ይህ ስም አውሮፓ ውስጥ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይወራ ነበር። በስሙ የተጻፈ ነው የተባለ አንድ ደብዳቤ ከአገር አገር እየተገለበጠ ተሰራጭቷል። እንደ ደብዳቤው ከሆነ በዚያ አገር ወንዙ የከበረ ድንጋይ ይዞ ይወርዳል፤ ድኻ የለም፤ ሌባም የለም። ደብዳቤው ፈጠራ ነበር። አውሮፓውያን ግን አመኑት። ንጉሡን መጀመሪያ በእስያ ፈለጉት፤ እዚያ ሲያጡት ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩ።

የልዑኩ መሪ ሮድሪጎ ደ ሊማ ነበር። አብሮት የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይባላል። ስድስት ዓመት እዚህ ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ።

መልእክተኞቹ ያገኙት ንጉሥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረውን ዐፄ ልብነ ድንግልን ነው። የወርቅ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ቋሚ ዋና ከተማም አልነበረም። ንጉሡ ከነሠራዊቱ፣ ከነካህናቱ፣ ከነገበያው በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወር ነበር። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዕንቁ ፍለጋ መጥተው ድንኳን ያገኙ ሰዎች ታሪክ ይሆን ነበር።

አልቫሬዝ ግን ላሊበላ ደረሰ።

ማንም ላሊበላን እንዲያይ አልላከውም። በዚያ በአውሮፓ በተወራው ደብዳቤ ውስጥም ከአንድ አለት ስለተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ነገር የለም። ቄሱ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ እየገባ ዓምዱን፣ መስኮቱን፣ ቅርጹን አየ፤ ስፋቱን በስንዝር እየገመተ መዘገበ። ከዚያ መሀል ላይ ብዕሩ ቆመ። ከዚህ በላይ ብጽፍ አያምኑኝም ብሎ መፍራቱን ራሱ ጽፏል። የጻፈው ሁሉ እውነት ለመሆኑም በእግዚአብሔር ስም ማለ፤ ሐሰተኛ እንዳይባል ሲል ያስቀረው ብዙ ነገር እንዳለም ጨመረ።

ልብ በሉ። ቄሱ የሚጽፍላቸው ሰዎች በሐሰተኛ ደብዳቤ የተነገረውን የዕንቁ ወንዝ ከ300 ዓመት በላይ ሲያምኑ ኖረዋል። በዓይኑ ያየውንና የለካውን ድንጋይ ሲነግራቸው ግን መማል ያስፈለገው መሰለው። ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ላይ ያየውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1774 ለንደን ሲመለስ የተሳለቁበት ጥቂቶች አልነበሩም። መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው።

ያልጠበቁትን ማየት ሌላም ጣጣ አለው። አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን የሠሩት ከውጭ የመጡ ነጮች ናቸው የሚል ወሬ ሰምቶ ጽፏል። ይህ ሐሳብ ከእርሱ በኋላም በሌሎች ብዕር ሲመላለስ ኖሯል። መልሱ ግን እዚያው አካባቢ ቆሞ ይታያል። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የታነጸ ነው፤ የአክሱም አሠራር ነው። ላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ንብብር በአንድ ወጥ አለት ላይ ቀርጾ ያሳያል። የቀረጹት ሰዎች የአያቶቻቸውን አሠራር ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሥራውን ለባዕድ የሚሰጥ ሰው አጠገቡ ያለውን ሳያይ የሚፈርድ ነው።

የቄሱ ጽሑፍ ዋጋው የታወቀው ቆይቶ ነው። አልቫሬዝ አገሩን በለቀቀ በሦስተኛው ዓመት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1531 እርሱ ያየው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። ዛሬ ስለዚያ ሕንፃ ከሚታወቀው የተወሰነው በዚህ እንግዳ ሰው ብዕር የተረፈ ነው። ላሊበላ ቆመ፤ መካነ ሥላሴ ግን በወረቀት ቀረ። ቄሱ «አያምኑኝም» ብሎ የተዋቸው ነገሮችስ? እነዚያ ከእርሱ ጋር ተቀበሩ።

ዛሬም ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ «እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም» ሲል ይሰማል። ሰሚው በኩራት ይስቃል። ነገር ግን ይህ ንግግር ስለ አገሩ ከሚናገረው ይልቅ እንግዳው ከቤቱ ይዞት ስለመጣው ግምት ይበልጥ ይናገራል። ላሊበላ በ1520ዎቹም የነበረው ያው ነው፤ ከተጠበቀው በላይ የሆነው ጠባቂው ስላላወቀው ነው።

የባሰው ደግሞ የባለቤቱ ነገር ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ላሊበላን በፖስተር እንጂ በዓይኑ ያላየ፣ ይምርሐነ ክርስቶስን በስም እንኳ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ጊዜና ገንዘብ የሌለው፣ መንገዱ ሰላም ያልሆነለት ሊፈረድበት አይገባም። መሄድ የቻለ ሰው ግን ከሰልፊው በፊት ቄሱ ያደረገውን ቢያደርግ ይበጃል፤ ቆሞ ይይ፣ ካህናቱን ይጠይቅ፣ ያየውን ይጻፍ። ደግሞ ምንም አያስቀር። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ምን ቆሞ እንደሚገኝ፣ ምንስ በጽሑፍ ብቻ እንደሚቀር የሚያውቅ የለም።