ገበሬው፣ ገበያውና የተዘጋው መንገድ

ባለፈው ሰንበት ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ወጣት፣ «ኮሮና የከተማ በሽታ ነበር፤ ገበሬውን ምን ነካው? እህሉ ከጎተራው፣ ውኃው ከወንዙ» አለ። ብዙዎቻችን ራሳችንን እየነቀነቅን ተስማማን። በመቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያለሙ የኖሩ አንድ አባት ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ጤፍ በጎተራ ያለው ገበሬ ሌላ ነው፤ ቲማቲም የቀላበት ገበሬ ሌላ ነው» አሉ። ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ እንጂ እኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቃላቸውን ስናወጣና ስናወርድ ሰነበትን። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ወረርሽኝ ገበሬውን የሚያስርበው በምን በኩል ነው? የአገራችንን ታሪክ መለስ ብለን ስንመለከት መልሱ በየጊዜው የተለያየ ሆኖ እናገኘዋለን።

በመጀመሪያ ክፉ ቀንን እናንሣ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደጨረሰ የሚገምቱ አሉ። ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ዝናብ በጣለበት ስፍራ እንኳ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ የሚጠመድ በሬ አልነበረምና። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ በታሪክ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ገበሬው ያጣው በሬውን ነበር።

ሁለተኛው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሰው አለቀ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም ከዚያ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። ታሪኩ ሲነገር ግን የሚነሣው ዘወትር ከተማው ነው። ኅዳር ለገበሬው ምን ወር እንደሆነ እናስብ። ጤፉ ደርሶ ማጭድ የሚጠብቅበት ወር ነው። የደረሰ ጤፍ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፤ ትኩሳት የጣለው ሰው ደግሞ ማጭድ አይጨብጥም፤ በሽታ በገባበት መንደርም ደቦ አይጠራም። እንግዲህ በክፉ ቀን የታጣው በሬው ሲሆን፣ በኅዳር በሽታ የዛለው የገበሬው ክንድ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ግን በሬው ነበረ፤ ክንዱም ነበረ። የተዘጋው መንገዱ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ አስታወቀች፤ ኬንያም በዚያው ቀን አስታወቀች። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመጋቢት ማብቂያ ክልሎች በየፊናቸው የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ከከተማ ወደ ከተማ እንዳይጓዙ አገዱ። መጋቢት 30 ቀን ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አውቶቡስና ሚኒባስም ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተወሰነ። እርምጃው ያለ ምክንያት አልተወሰደም። ሐኪሙና የመተንፈሻ መሣሪያው ጥቂት በሆነበት አገር በሽታው እንዳይዛመት መከላከል ተገቢ ነበር። ይህን የምንክድ አይደለንም።

ደግሞም እውነቱን ለመናገር እርሻ አልተከለከለም። እህልና አትክልት የጫነ መኪናም እንዲያልፍ ተፈቅዶ ነበር። ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ?

በእኛ አስተያየት ችግሩ የመጣው ጭነቱ ሲፈቀድ ሰው በመቆሙ ነው። ባለ ትልቅ ሀብቱ ነጋዴ ዕቃውን በመኪና ልኮ እርሱ ከቤቱ ሊቀመጥ ይችላል። የትንሹ ገበሬ ምርት ግን ከሰው ተለይቶ አይጓዝም። በስምጥ ሸለቆው፣ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ያለውን የመስኖ እርሻ እንመልከት። ችግኙን የሚተክለው፣ የሚኮተኩተውና የሚለቅመው ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። ገዢና ሻጭ የሚያገናኘው ደላላ በሚኒባስ ይመጣል። የተረፈውን ደግሞ እናቶች ተሸክመው ወይም በአህያ ጭነው ወደ ቅርቡ ከተማ ያወርዱታል። ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲገባ፣ ደላላው ሲቀር፣ የመኪናው ታሪፍ ሲጨምር፣ አትክልት የጫነው መኪና «እለፍ» ቢባልም የሚጭነው ነገር መንገድ ዳር አልደረሰም።

በሌላው ጫፍም እንደዚሁ ነበር። ሆቴልና ምግብ ቤት ገበያቸው ቀዘቀዘ። ጥሬ አትክልት በሽታውን ያስተላልፋል የሚል ወሬ ተነዛ። በሚያዝያ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ መጨናነቁን ለማስቀረት ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። ይኸውም እገዳው የወደቀው በሁዳዴ ጾም፣ አትክልት እጅግ በሚፈለግበት ወራት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የአባታችን ቃል ትርጉም ያገኛል። ጤፍ በጎተራ ይቆያል፤ መንገዱ እስኪከፈት ገበሬው እየበላው ሊጠብቅ ይችላል። ሽንኩርት ሳምንታት ይታገሣል። ቲማቲም ግን አንዴ ከቀላ የአዋጅ ማብቂያ አይጠብቅም። ስለዚህ በአንድ አገርና በአንድ አዋጅ ሥር የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ዕጣቸው አንድ አልሆነም። የተጎዳው ሰነፉ አይደለም፤ ይልቁንም ለገበያ አምርት፣ ገንዘብ አግኝ የተባለውን ምክር የሰማው ነው። ለዘሩ፣ ለፀረ ተባዩ፣ ለውኃ መሳቢያው ነዳጅ አስቀድሞ ተበድሯል። ምርቱ ሲበሰብስ ብድሩ አብሮ አይበሰብስም። ዱቤውን ለመክፈል መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ጊደሩን፣ በመጨረሻም በሬውን ያወጣል። በሬው ከተሸጠ ደግሞ ያው ወደ ክፉ ቀን መመለስ ነው። በዚሁ ላይ በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ በምሥራቁ የአገራችን ክፍልና በኬንያ ማሳና ግጦሽ ላይ ወርዶ ነበር።

ከአሁን ቀደምም እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን የ1965 ዓ.ም. ረሃብ መርምረው፣ ሰው ባለቀበት ወራት የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር አሳይተዋል። ገበሬው ያጣው የመግዛት አቅሙን ነበር። እህል በአገር ውስጥ መኖሩ ብቻውን ሰውን አያጠግብም።

እኛም በስደት ያለነው የዚሁ ነገር ሌላውን ጫፍ በዓይናችን አይተናል። የኬንያ መንግሥት በመጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሰዓት እላፊ ጣለ፤ ሚያዝያ 21 ቀን ደግሞ ወደ ካኩማና ወደ ዳዳብ መግባትም ሆነ መውጣት ተከለከለ። ከኪታሌ በኩል የሚመጣው ጎመንና ቲማቲም ሲያንስ፣ እኛ በገበያው ቆመን «ምነው ዋጋው ሰማይ ነካ?» እንል ነበር። በዚያው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ «ምነው ዋጋው መሬት ወረደ?» ይል ነበር። የእኛ ምሬትና የእርሱ ምሬት ከአንድ ኬላ የተነሣ መሆኑን ያኔ አላስተዋልንም፤ ነጋዴውን ብቻ ስንረግም ከረምን።

በዚያ ዓመት ከተደረገው ውስጥ መልካም ሆኖ ያገኘነውም አለ። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታ ተረጂዎች እንዳይሰባሰቡ የአካባቢ ሥራው እንዲቆም ሲደረግ ክፍያው ግን አልተቋረጠም። ይህ እርዳታ የደረሳቸው ቤተሰቦች ካልደረሳቸው ይልቅ የዚያን ዓመት ችግር በተሻለ ተቋቁመውታል። በጉና በሬው ከመሸጡ በፊት የደረሰ ጥቂት ገንዘብ፣ ከተሸጠ በኋላ ከሚመጣ ብዙ እህል ይበልጣል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ በሽታ መንገድ ሲያስዘጋ ጭነቱ ብቻ ሳይሆን ለቃሚው፣ ደላላውና ተሸካሚዋ እናት የሚያልፉበት ሥርዐት አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ሁለተኛ፣ ገበያን ከመዝጋት ይልቅ ማስፋትና ማራራቅ ይሻላል፤ የሳምንቱ ገበያ ለገበሬው ባንኩም ደመወዙም ነውና። ሦስተኛ፣ የመዝጋቱ ጥቅም ለሁላችን ከሆነ ዕዳው በቲማቲም አምራቹ ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።

ለዚያ ወጣት ወንድማችንም የምንመልሰው ይህንኑ ነው። ወረርሽኙ ገበሬውን ለመንካት ደጁ ድረስ መምጣት አላስፈለገውም፤ በገበያው በኩል ደርሶበታል። መቂ፣ ዝዋይ፣ ኪታሌ ወይም ሌላ ስፍራ ሆኖ የዚያን ዓመት ምርት የሸጠ፣ ወይም ሳይሸጥ የቀረ፣ በመካከላችን ብዙ ሰው አለ። የእኛ ጽሑፍ ጎዶሎ ነውና ያየውን የሚያውቅ ወንድም ወይም እኅት በአንዲት ገጽ ጽፎ ቢሰጠን በሚቀጥለው እትም ደስ እያለን እንገለብጠዋለን። መጻፍ የማይችል ካለም ይንገረን፤ እኛ እንጽፍለታለን።